ለዘመናዊ የጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ የሲቪል መኪና ከየት ይምጣ? አማራጮቹ ሲነጻጸሩ

ዘመናዊ ውጊያን በሚኒያቸር (በትንንሽ የወታደር ሞዴል) የሚጫወት ሰው ወታደሩንና ታንኩን ለማግኘት ብዙ አይለፋም። ራስ የሚያዞረው መንገድ ዳር የሚቆመው ተራ መኪና ነው፦ የቤት አውቶሞቢሉ፣ ሚኒባሱ፣ የዕቃ ማመላለሻ ቫኑ፣ ጎማው የተነፈሰው አሮጌ ፒካፕ። እነዚህ ከሌሉ ጠረጴዛው ላይ የተሠራው ከተማ ሕንፃ የተተከለበት ባዶ ሜዳ ይሆናል። ወታደሮቹ መንገድ ሲሻገሩ የሚከለሉበት አያገኙም፤ መትረየስ የያዘው ወገን በመጀመሪያው ዙር መንገዱን ቆልፎ ይቀመጣል፤ ጨዋታውም እዚያው ያልቃል።

ችግሩ ተራ መኪና ለዚህ ጨዋታ ተብሎ የሚሠራው ጥቂቱ ብቻ መሆኑ ነው። ቀሪው የሚገኘው ከልጆች መጫወቻ፣ ከሰብሳቢዎች መደርደሪያ፣ ከሞዴል ባቡር ዕቃ፣ ከፕላስቲክ ተገጣጣሚ ሞዴል (ኪት) እና ከስሪዲ ፕሪንተር ነው። ሁሉም የየራሱ የመጠን አቆጣጠር አለው። የወታደሩ መጠን በሚሊ ሜትር ይነገራል፣ የመኪናው ስኬል በሚባል ክፍልፋይ፤ 1/64 ማለት ከእውነተኛው 64 ጊዜ ያነሰ ነው። ገዢው “1/64” የሚል አይቶ ያዛል፤ ሲደርሰው ሾፌሩ በበሩ የማይገባ መኪና ሆኖ ያገኘዋል።

## ከመግዛት በፊት የሚታዩ መስፈርቶች

የመጀመሪያው መጠን ነው። ሰፊ ስለሆነ ለብቻው ከታች ይመጣል።

ቀጥሎ ቦታና ዘመን ይመጣል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባልካን ላይ የሚካሄድ ጨዋታ ዛስታቫ፣ ላዳና ሁለተኛው ትውልድ ጎልፍ ይፈልጋል። ሰሃራና ሳህል ላይ የሚካሄደው ደግሞ ቶዮታ ሂሉክስና ላንድክሩዘር 70 ይፈልጋል፤ በ1987 (እ.ኤ.አ.) የተካሄደው የቻድና የሊቢያ ውጊያ “የቶዮታ ጦርነት” የተባለው በእነዚህ ፒካፖች ምክንያት ነው። መካከለኛው ምሥራቅ ላይ አሮጌ መርሴዲስ 123 እና ፔጆ 504 የትም ቢቀመጡ አያሳፍሩም። የስፖርት መኪና ግን ከሁሉም ጋር ይጣላል፤ የመጫወቻ መደብሩ ደግሞ የሚሞላው በስፖርት መኪና ነው።

መኪናው ጨዋታው ላይ የሚሠራው ሥራም ይታሰብበት። የቤት አውቶሞቢል ለተንበረከከ ወታደር ከለላ ይሆናል፤ የቆመ ሰው ግን በላዩ ያያል። ሚኒባስና ቫን የእይታ መስመርን ሙሉ በሙሉ ይዘጋሉ። አውቶቡስና የጭነት መኪና ደግሞ ግድግዳ ናቸው፤ አንድ አውቶቡስ በአግድም ከቆመ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ብዙ የጨዋታ ሕጎች የሞተሩን ቦታ ጠንካራ ከለላ፣ የቀረውን ቦዲ ደካማ ከለላ ያደርጉታል። ልክ ናቸው፤ የመኪና በር የጠመንጃ ጥይት አያቆምም። ስለዚህ ኮፈኑ የት እንደሆነ በአንድ እይታ የሚለይ ሞዴል ይመረጣል።

ብዛትም አለ። 120 በ120 ሳ.ሜ. የሆነ የከተማ ጠረጴዛ ከ8 እስከ 12 መኪና ይፈልጋል። አምስት አውቶሞቢል፣ ሁለት ፒካፕ፣ ሁለት ሚኒባስ ወይም ቫን፣ አንድ አውቶቡስ ወይም የጭነት መኪና፣ በዚያ ላይ ሁለት የተቃጠሉ ቢጨመሩ መንገዱ መንገድ ይመስላል። አንድ ውድና ውብ ሞዴል መግዛት ይህን አይተካም። በጀቱ ሲታሰብም የአንዱ ዋጋ በአሥር ተባዝቶ ይታይ።

የሚቀሩት የዝግጅት ሥራውና ጥንካሬው ናቸው። ስፖኪዮው ገና ሲነካ የሚሰበር ሞዴል ለመደርደሪያ እንጂ ለጨዋታ አይሆንም።

## መጠን

“28 ሚሊ” ሲባል በአብዛኛው ከእግር እስከ ዓይን ያለው ቁመት ነው። እስከ አናት ሲለካ 30 ሚ.ሜ. ገደማ ይሆናል፤ ከሥሩ 2 ወይም 3 ሚ.ሜ. መቆሚያ ስላለው ጠረጴዛ ላይ ወደ 33 ሚ.ሜ. ይደርሳል። ጭንቅላቱ፣ እጁና ጠመንጃው ሆን ተብሎ ወፍረው ይሠራሉ። በቁመቱ ብቻ ከተሰላ 1/56 ወይም 1/58 ይወጣዋል፤ በውፍረቱ ከታየ ወደ 1/50 ይጠጋል። “ለ28 ሚሊ ትክክለኛው 1/56 ነው”፣ “የለም፣ 1/43 ነው” የሚለው ማለቂያ የሌለው ክርክር የሚነሳው ከዚህ ነው፤ አንዱ ቁመት እየለካ፣ ሌላው ውፍረት እያየ ነው የሚናገረው።

ከክርክሩ የሚያወጣው የእውነተኛውን ዓለም ማስታወስ ነው። ቁመቱ 1.75 ሜትር የሆነ ሰው 1.45 ሜትር ከፍታ ካለው አውቶሞቢል አጠገብ ሲቆም ጣሪያው ትከሻው ጋ ይደርሳል። ኮፈኑ ወገቡ አካባቢ ነው። ጎማው ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ ይላል። የሂሉክስ ጣሪያ ከአናቱ ጋር እኩል ወይም ትንሽ በላይ ነው፤ ሚኒባስ ይበልጠዋል። ሞዴሉን ከወታደሩ አጠገብ አቁመው ጣሪያ፣ ኮፈን፣ ጎማ ብለው ሦስቱን ይመልከቱ። ከሦስቱ ሁለቱ ከተስማሙ ዓይን የቀረውን ይቅር ይላል።

ዕቃውን በእጅ ሳይዙ ከሩቅ ለሚያዝዙ ደግሞ ርዝመቱ ይበቃል። ከታች ያለው ሰንጠረዥ በሚ.ሜ. ነው፤ አውቶሞቢሉ 4.6 ሜትር፣ ባለ ሁለት ረድፍ ፒካፑ 5.3 ሜትር፣ ሚኒባሱ 4.7 ሜትር፣ አውቶቡሱ 12 ሜትር ተብሎ ተሰልቷል።

| ስኬል | አውቶሞቢል | ፒካፕ | ሚኒባስ | አውቶቡስ | የሚስማማው ወታደር |
|---|---|---|---|---|---|
| 1/43 | 107 | 123 | 109 | 279 | ወፋፍራም 28 እና 32 ሚሊ |
| 1/50 | 92 | 106 | 94 | 240 | 28 ሚሊ |
| 1/56 | 82 | 95 | 84 | 214 | 28 ሚሊ (ቀጠን ያሉ) |
| 1/64 | 72 | 83 | 73 | 188 | 28 ሚሊ ሲብቃቃ፣ 25 ሚሊ |
| 1/72 | 64 | 74 | 65 | 167 | 20 ሚሊ |
| 1/87 | 53 | 61 | 54 | 138 | 15 ሚሊ (ትንሽ ይተልቃል) |
| 1/100 | 46 | 53 | 47 | 120 | 15 ሚሊ |
| 1/160 | 29 | 33 | 29 | 75 | 10 ሚሊ |

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ካጠራጠረ ስሌቱ ቀላል ነው፦ የእውነተኛው መኪና ርዝመት በሚ.ሜ. ለሞዴሉ ርዝመት ይካፈል። ሻጩ “1/64 ሂሉክስ” ብሎ 75 ሚ.ሜ. ከጻፈ፣ 5,300 ለ75 ሲካፈል 71 ይመጣል። ዕቃው 1/71 ነው፤ ለ20 ሚሊ እንጂ ለ28 ሚሊ አይሆንም። ሻጩ ርዝመቱን ካልጻፈ ይጠይቁት፤ መልስ ካላገኙ አይግዙ።

ከሁሉም በላይ ግን ጠረጴዛው ላይ ያሉት መኪኖች እርስ በርስ ይስማሙ። ሁሉም 1/64 ከሆኑ ተጫዋቹ በአምስት ደቂቃ ይለምደዋል። የ1/43 አውቶሞቢል ከ1/64 አውቶሞቢል ጎን ከቆመ ግን 107 እና 72 ሚ.ሜ. ናቸው፤ አንዱ የሌላው ልጅ ይመስላል፤ ይህን ዓይን ፈጽሞ አይለምደውም። ስለዚህ አማራጮቹን ሲያነቡ “የትኛው ያምራል” ከማለት በፊት “አሥሩንም መኪና ከዚሁ መጠን አገኛለሁ ወይ” ብለው ይጠይቁ።

## አማራጮቹ አንድ በአንድ

### ባለ 3 ኢንች የብረት መጫወቻዎች

ሆት ዊልስ፣ ማችቦክስ፣ ማጆሬት፣ ቶሚካና የሲኩ ትንንሾቹ እዚህ ይገባሉ። ርካሽ ናቸው፣ ጠንካራ ናቸው፣ የትም ይገኛሉ፤ ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራውም ከሁለተኛ እጅ ሣጥን ውስጥ ይወጣል።

መታወቅ ያለበት ነገር፣ ብዙዎቹ የሚሠሩት ለስኬል ሳይሆን ለማሸጊያው ነው። ማችቦክስ በ1953 (እ.ኤ.አ.) ሲጀመር ስሙን ያገኘው በክብሪት ቤት ልክ ከሚገባው መጠኑ ነው፤ አስተሳሰቡ እስካሁን አልተለወጠም። ትንሽ መኪናም ትልቅ መኪናም 7 ሳ.ሜ. አካባቢ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ “1/64” የሚባለው የአማካይ ስም ነው።

ይህን ወደ ጥቅም መለወጥ ይቻላል። በእውነቱ ዓለም ትንሽ የሆነ መኪና በዚህ መስመር ውስጥ ትልቅ ሆኖ ይወጣል፦ በ2007 (እ.ኤ.አ.) የወጣው 3.55 ሜትር የሆነው ፊያት 500 በ68 ሚ.ሜ. ከተሠራ 1/52 ነው፤ ለ28 ሚሊ ከዚህ የተሻለ የለም። በተቃራኒው ፒካፕና ትልልቅ ጂፖች ወደ 1/70 ይወርዳሉ፤ እነሱ የ20 ሚሊ ተጫዋች ሲሳይ ናቸው። በ75 ሚ.ሜ. የተሠራ አውቶቡስ ደግሞ 1/160 ይሆናል፤ ማለትም ለ10 ሚሊ ጨዋታ ልክ ነው። አንድ መደርደሪያ ላይ ለሦስት ዓይነት ጨዋታ የሚሆን ዕቃ ጎን ለጎን ተሰቅሏል፤ መለየት የገዢው ሥራ ነው።

ቶሚካና ማጆሬት ስኬሉን ሆዱ ላይ ይጽፋሉ። ስኬሉን ሳያዛንፍ ለሚፈልግ ቶሚካ ሊሚትድ ቪንቴጅ የሚባለው መስመር በእርግጥ 1/64 ነው፤ ግን የሰብሳቢ ዕቃ ስለሆነ ዋጋው ሌላ ነው። ለአፍሪካና ለእስያ መንገድ የማጆሬት ሂሉክስና የቶሚካ ሃይኤስ የሚፈለጉ ናቸው። ሆት ዊልስ ውስጥ ምናባዊ መኪና ይበዛል፤ እውነተኞቹም ብዙ ጊዜ ቸርኬያቸው ገዝፎ፣ ጎማቸው ሳስቶ ይመጣል። የሰፈር መኪና አይመስሉም፤ ጎማ መቀየር ካልተፈለገ ከማችቦክስ ወይም ከማጆሬት መምረጥ ይሻላል።

28 ሚሊ የሚጫወት ሰው 1/64 ከመረጠ አንድ ዘዴ አለው። የ1/64 አውቶሞቢል ጣሪያ 23 ሚ.ሜ. ገደማ ነው፤ 33 ሚ.ሜ. ከሚሆነው ወታደር አጠገብ ደረቱ ጋ ይቀራል። መኪናው ከሥሩ 3 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው መቆሚያ ቢለጠፍለት 26 ይሆናል፤ ጣሪያው ትከሻ ደረሰ ማለት ነው። ርዝመቱና በሩ አሁንም ትንሽ ናቸው፤ ሆኖም ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ የሚታየው ቁመቱ ነው።

### 1/43 የሰብሳቢ ሞዴሎች

ይህ ስኬል ኦ ጌጅ ከሚባለው የሞዴል ባቡር መጠን የመጣ ነው። ዝርዝሩ ጥሩ ነው፣ ስኬሉ ይታመናል፣ ምርጫውም ከሁሉም ይሰፋል። በተለይ ከመጽሔት ጋር በየጊዜው ሲወጡ የነበሩት ስብስቦች ላዳ፣ ቮልጋ፣ ሞስኮቪች፣ ዋዝ፣ ትራባንትና ዛስታቫን አንድ ሳያስቀሩ ሠርተዋል። ምሥራቅ አውሮፓን ለሚጫወት ሰው ከዚህ የሚወዳደር ምንጭ የለም።

ጉድለቱ ግዝፈቱ ነው። የአውቶሞቢል ጣሪያ 34 ሚ.ሜ. ይደርሳል፤ ቀጠን ያለ የ28 ሚሊ ወታደር መቆሚያው ላይ ቆሞም አናቱ ከጣሪያው አይበልጥም። ወፍራም የሆኑ የ32 ሚሊ ወታደሮች ላላቸው ይስማማል። ዘመናዊው መኪና ደግሞ ከአሮጌው ይረዝማል፤ ላዳ 2101 4.07 ሜትር ብቻ ስለሆነች በ1/43 95 ሚ.ሜ. ትመጣለች፤ መንገድ ላይ የምትይዘው ቦታ ከ1/50 ዘመናዊ አውቶሞቢል ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ 1/43ን ለአሮጌና ለትንንሽ መኪኖች መጠቀም፣ ለዘመናዊ ጂፕና ለአውቶቡስ መተው ይመከራል። 28 ሳ.ሜ. የሚሆን አውቶቡስ የጠረጴዛውን ሩብ ወርድ ይበላል።

ማሳያ መድረኩ ላይ በሁለት ብሎን ስለሚታሰሩ ሲፈቱ ብዙ ጊዜ ሻንሲውም አብሮ ይለቃል፤ ለመቀባት የሚመቹት ለዚህ ነው። ስፖኪዮና አንቴና ግን ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ አይኖሩም ብሎ ማሰብ ነው።

### ወደ ኋላ ተጎትተው የሚሄዱ መጫወቻዎች

12 ሳ.ሜ. አካባቢ ናቸው፤ አውቶሞቢሉ 1/38 ስለሚሆን ለየትኛውም ጨዋታ አይሆንም። እዚህም የማሸጊያ ሕጉ ይሠራል፦ ትልቁ ተሽከርካሪ ያንስና ይስማማል። 6 ሜትር የሆነ ረጅም ቫን በ125 ሚ.ሜ. 1/48 ይሆናል። 20 ሳ.ሜ. የሆነ የመጫወቻ አውቶቡስ 1/60 ነው፤ ለ28 ሚሊ አውቶቡስ ሲፈለግ መጀመሪያ መታየት ያለበት እዚህ ነው። የውስጡን ጥቅል ሞተር ማውጣት ወይም በሙጫ ማሰር ግዴታ ነው፤ አለዚያ አንድ ሰው ጠረጴዛውን ሲነካው አውቶቡሱ ተነስቶ ይሄዳል።

### 1/50

የግንባታ ማሽንና የከባድ ጭነት መኪና ስኬል ነው፤ ቁፋሮ ማሽን፣ ገልባጭ፣ ክሬን እዚህ አለ። ለ28 ሚሊ መጠኑ ልክ ነው። አውቶሞቢል ግን እምብዛም አይገኝበትም፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። አንድ ገልባጭ ወይም ዶዘር ለመንገድ መዝጊያ ብሎ መግዛት ይበቃል።

### የሞዴል ባቡር መኪኖች

ለ20 እና ለ15 ሚሊ ተጫዋች ዋናው መደብር ይህ ነው። ኦኦ የሚባለው የእንግሊዝ የባቡር መጠን 1/76 ስለሆነ ከ20 ሚሊ ወታደር ጋር ያለ ምንም ጥያቄ ይሄዳል፤ ኦክስፎርድ ዳይካስት በዚህ መጠን አውቶሞቢል፣ ቫን፣ ላንድሮቨርና አውቶቡስ ይሠራል። የአውሮፓው ኤችኦ 1/87 ነው፤ ኸርፓ፣ ቪኪንግና ቡሽ ለዓመታት ሲሠሩበት ስለኖሩ ምርጫው እጅግ ሰፊ ነው። ለ15 ሚሊ 1/87 በ15 በመቶ ይተልቃል። 15 ሚሊ ወታደሮችም መቆሚያ ላይ ስለሚቆሙና ወፍራም ስለሆኑ ልዩነቱ ብዙም አያስቀይምም።

ለ10 ሚሊ የኤን ጌጅ መኪኖች አሉ፤ 1/160፣ በእንግሊዝ 1/148፣ በጃፓን 1/150 ነው። ሦስቱን ማደባለቅ ችግር የለውም።

ኤችኦ መኪኖች ከስስ ፕላስቲክ ይሠራሉ። ቦዲው ሻንሲው ላይ በጥርስ ተይዞ ስለሚቀመጥ በጥፍር ይፈታል። አሴቶን እንዳይነካቸው፤ ቀለሙን ሳይሆን መኪናውን ያቀልጠዋል።

### የፕላስቲክ ኪት

የሲቪል መኪና ኪት በብዛት የሚገኘው በ1/24 እና በ1/25 ነው፤ ሁለቱም አይረቡም። በ1/35 የሚሠሩት ፒካፖች ሲታዩ ያጓጓሉ፤ ግን ርዝመታቸው 15 ሳ.ሜ. ይሆናል፤ ለ28 ሚሊ ከሚሆነው የ1/56 ፒካፕ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ናቸው። በ1/72 እና በ1/48 የሚገኘው ጥቂት ነው። ኪት የሚጠቅመው ለመለዋወጫ ነው፦ ጀሪካን፣ መጠባበቂያ ጎማ፣ ሣጥን፣ መትረየስ።

### ለጨዋታ ተብለው የሚሠሩ የሬዚን ሞዴሎች

ሬዚን በፈሳሽነቱ ቅርጽ ይዞ የሚጠነክር ፕላስቲክ ነው። መጠኑ ከወታደሩ ጋር ተለክቶ ስለሚሠራ ምንም ስሌት አያስፈልግም። መትረየስ የተጫነበት ፒካፕ ሲፈለግ ከዚህ መግዛት ያዋጣል። ምክንያቱ ጭነት ቦታው ነው። የፒካፕ ጭነት ቦታ ወርድ በእውነቱ 1.5 ሜትር ገደማ ነው፤ በ1/56 27 ሚ.ሜ.፣ በ1/64 23 ሚ.ሜ. ይሆናል። የ28 ሚሊ ወታደር መቆሚያ ብዙ ጊዜ 25 ሚ.ሜ. ነው። በመጀመሪያው ይገባል፣ በሁለተኛው አይገባም፤ ከወለሉ ደግሞ የጎማ ሽፋኖቹ ወደ ውስጥ ስለሚገቡ መቆሚያው እነሱ ላይ ያርፋል። ለጨዋታ የሚሠሩት ይህን አስበው ጭነት ቦታውን ሰፋ ያደርጉታል ወይም ተኳሹን ያለ መቆሚያ ይሰጣሉ።

ዋጋው ከመጫወቻ ብዙ እጥፍ ነው፤ አሥር መኪና በዚህ መንገድ አይሞላም። ሬዚኑ ተጣሞ ከመጣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል ነክሮ ማቃናትና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መክተት ነው። ሲሞረድ አቧራው ሳንባ ይጎዳል፤ የብርጭቆ ወረቀቱ በውኃ ርሶ፣ አፍንጫና አፍ በማስክ ተሸፍኖ ይሠራ።

### ስሪዲ ፕሪንት

ማሽኑ ላለው ሰው ሌላውን ሁሉ ያስረሳዋል፤ አሥሩም መኪና ከአንድ መጠን ይወጣል። የሌለው ሰውም ፋይሉን ገዝቶ ማሳተም ይችላል፤ ሆኖም ብዙ ፋይሎች ለግል መጠቀሚያ ብቻ የተፈቀዱ ስለሆኑ ፈቃዱ አስቀድሞ ይነበብ።

መጠን ለመቀየር ያለበትን ስኬል ለሚፈለገው ማካፈል ነው። ከ1/64 ወደ 1/56፦ 64 ለ56፣ 114 በመቶ። ከ1/72 ወደ 1/56፦ 129 በመቶ። ከ1/56 ወደ 1/100፦ 56 በመቶ። ማሳደግ ሁልጊዜ ከማሳነስ ይቀላል። 1 ሚ.ሜ. የነበረው የመስኮት ምሰሶ በ56 በመቶ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በፕላስቲክ ክር በሚሠራው ማሽን አይወጣም፣ በሬዚን ቢወጣም ሲነካ ይሰበራል። ለ15 ሚሊ መስኮቱ የተደፈነ ፋይል ይመረጥ።

በክር የሚሠራው ማሽን ችግሩ ኮፈኑና ጣሪያው ላይ ነው። መኪናው እንደቆመ ሲታተም ረጋ ያለው ዘንበል ደረጃ ደረጃ ይሠራል። የንብርብሩን ውፍረት 0.12 ሚ.ሜ. ማድረግና መኪናውን በኋላ ፓራውልቱ አቁሞ ማተም ደረጃውን በእጅጉ ያሳንሰዋል። በፈሳሽ ሬዚን የሚሠራው ይህ ችግር የለበትም፤ የእሱ ጣጣ ሌላ ነው። ሞዴሉ ውስጡ ክፍት ሆኖ ግድግዳው 2 ሚ.ሜ. ይሁን፤ ከሥሩ ቢያንስ ሁለት የ3 ሚ.ሜ. ቀዳዳ ይተውለት። ቀዳዳ ከሌለው ያልደረቀ ሬዚን ውስጡ ይታፈናል፤ መኪናው ተቀብቶ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ከሳምንታት በኋላ ተሰንጥቆ ያንጠባጥባል።

### ወረቀት

በ160 ወይም 200 ግራም ወረቀት ታትሞ የሚታጠፍ መኪና ከርቀት ከሚታሰበው በላይ ያምራል። የተቆረጠው ነጭ ጠርዝ በማርከር ካልተቀባ ግን ሁሉንም ያበላሻል። ውስጡ ሳንቲም ወይም ብሎን ካልተለጠፈ ደግሞ ትንፋሽ ይወስደዋል። ለአውቶቡስና ለቫን ጥሩ ነው፤ ለክብ ቅርጽ መኪና አይሆንም።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | በተሻለ የሚሆነው ለ | ምርጫ | ዋጋ | ዝግጅት | ዋና ጉድለት |
|---|---|---|---|---|---|
| ባለ 3 ኢንች መጫወቻ | 20 ሚሊ፣ በጥንቃቄ 28 | በጣም ሰፊ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ስኬሉ ወጥ አይደለም |
| 1/43 | 28 (ወፍራም)፣ 32 ሚሊ | በጣም ሰፊ | መካከለኛ | ትንሽ | ይገዝፋል፣ ስስ ክፍሉ ይሰበራል |
| ተጎትቶ የሚሄድ | ለ28 ሚሊ ቫንና አውቶቡስ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | አውቶሞቢሉ አይሆንም |
| 1/50 | 28 ሚሊ | ማሽንና ጭነት ብቻ | ከፍተኛ | ትንሽ | አውቶሞቢል የለም |
| የባቡር ሞዴል | 20፣ 15፣ 10 ሚሊ | በጣም ሰፊ | መካከለኛ | ትንሽ | ስስ ነው |
| ኪት | ለመለዋወጫ | ጠባብ | መካከለኛ | ብዙ | ስኬሉ አይገጥምም |
| የጨዋታ ሬዚን | 28፣ 20፣ 15 ሚሊ | ጠባብ | ከፍተኛ | ብዙ | ብዛት አይቻልም |
| ስሪዲ ፕሪንት | ለሁሉም | ሰፊ | ማሽን ላለው ዝቅተኛ | ብዙ | ጊዜ ይፈጃል |
| ወረቀት | ለሁሉም | መካከለኛ | እጅግ ዝቅተኛ | መካከለኛ | ቀላል ነው፣ ውኃ አይችልም |

## መጫወቻነቱን ማጥፋት

የብረት መጫወቻ ጠረጴዛ ላይ መጫወቻ የሚመስለው በሦስት ነገር ነው፦ በማብረቅረቁ፣ በተለጠፈበት ሥዕልና በቸርኬው። ሳይፈታ በግማሽ ሰዓት ይስተካከላል።

መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ። ጎኑ ላይ የታተመው እሳትና ቁጥር አሴቶን በነካው የጆሮ ጥጥ ቀስ ተብሎ ይታሸት። መስታወቱንና የፕላስቲክ ፓራውልቱን እንዳይነካ፤ ከሥሩ ያለው ቀለም መልቀቅ ሲጀምር ይቁም። ከዚያ ማት (የማያብረቀርቅ) ቨርኒሽ ይነፋበት። እርጥበት ባለበት አየር ከተነፋ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጭጋግ ስለሚሠራ ደረቅ ቀን ይጠበቅ። መስታወቱም አብሮ ይደበዝዛል፤ አይደንግጡ፣ የሚያበራ ቨርኒሽ በቀጭን ብሩሽ ሲቀባበት ይመለሳል። የበሩና የኮፈኑ መስመር ውስጥ ውኃ የመሰለ ጥቁር ቡናማ ቀለም ይፍሰስ፣ የሚያብረቀርቀው ቸርኬ ግራጫ ይቀባ፣ ከፊትና ከኋላ ታርጋ የሚሆን ነጭ ቁራጭ ይለጠፍ። በመጨረሻ ፈዛዛ የአቧራ ቀለም በስፖንጅ እስከ በሩ ታችኛው ክፍል ድረስ መታ መታ ይደረግ። አቧራ ጣሪያው ላይ እኩል ሲቀባ መኪናው በዱቄት የተነፋ ይመስላል፤ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየሳሳ ይሂድ።

ጎማው እንዳይዞር አክስሉ ላይ አንዲት ጠብታ ሱፐር ግሉ ይበቃል። ሲበዛ ትነቱ መስታወቱን ነጭ ያደርገዋል፤ መስታወት ራሱ የሚለጠፈው በነጭ ኮላ ነው።

ሙሉ ቀለም ለሚቀይር መፍታት ያስፈልጋል። የሆዱ ሪቬት (ቦዲውንና ሆዱን ያያያዘው የብረት ሚስማር) መሃል በ2 ሚ.ሜ. ፑንታ ይበሳ፣ ከዚያ በ4 ሚ.ሜ. ጭንቅላቱ ብቻ ይበላ። 2 ሚ.ሜ. ያህል እንደወረደ ይቁም፤ ከዚያ በላይ ከተሄደ መልሶ የሚያያዝበት አይተርፍም። ቦዲው ብቻውን አሴቶን ባለበት ክዳን ያለው የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ይነከር፤ ጓንት፣ የተከፈተ መስኮት፣ ከእሳት መራቅ ግድ ነው። ኮስቲክ ሶዳ እንዳይሞከር፤ ቦዲው የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ ይበላዋል። የፕላስቲክ ክፍሉ ላይ ያለው ክሮም በበረኪና ተነክሮ ይለቃል፤ በረኪና ከአሲድም ከአሞኒያም ጋር አይደባለቅ። ባዶው ብረት ያለ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) ከተቀባ ቀለሙ በጥፍር ይላጣል።

ለተቃጠለ መኪና የተጎዳ ወይም ስኬሉ ትንሽ የሳተ መጫወቻ ይመደብ። የተቃጠለ መኪና መስታወት የለውም፣ ጎማው ነድዶ አልቆ በቸርኬው መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ስለዚህ ጎማው ከሥሩ ሩቡ ይቆረጥና ቦዲው ዝቅ ይበል። ብዙ ሰው ጥቁር ብቻ ይቀባዋል፤ እሳት የበላው ብረት ግን ቶሎ ዝጎ ብርቱካናማ ቡናማ ይሆናል፣ ነጭ አመድ ጣሪያውና ኮፈኑ ላይ ይቀራል፣ ጥቁሩ በመስኮቶቹ ዙሪያ ነው።

## ለማን የትኛው

ገና ለሚጀምርና በጀቱ ለጠበበ 28 ሚሊ ተጫዋች፦ ባለ 3 ኢንች መጫወቻ ብቻ፣ በእውነቱ ዓለም ትንንሽ የሆኑት ተመርጠው፣ ሁሉም በ3 ሚ.ሜ. መቆሚያ ላይ። ፒካፕ ካስፈለገ ቆይቶ አንድ የሬዚን ይገዛል። አውቶቡሱ ወደ ኋላ ተጎትተው ከሚሄዱት መጫወቻዎች ወገን ይምጣ ወይም በወረቀት ይሠራ።

28 ሚሊ ሆኖ መካከለኛ በጀት ላለው፣ በተለይ ምሥራቅ አውሮፓንና ባልካንን ለሚጫወት፦ 1/43፣ ከአሮጌዎቹና ከትንንሾቹ። አንዴ 1/43 ከተጀመረ ባለ 3 ኢንቾቹ ከጠረጴዛው ይውረዱ። ለተቃጠለ መኪና እንኳን አይሁኑ፤ ሬሳቸውም ትንሽ ነው።

በረሃና መትረየስ የተጫነባቸው ፒካፖች ለሚያበዛ ሰው ስሪዲ ፕሪንት ከሁሉም ያዋጣል፤ ስድስት ፒካፕ በሬዚን ከመግዛት አንድ ፋይል ስድስት ጊዜ ማተም ይረክሳል። በ1/56 ይታተም፤ ጭነት ቦታው ለ25 ሚ.ሜ. መቆሚያ መብቃቱ ከመታተሙ በፊት ሶፍትዌሩ ላይ ይለካ።

20 ሚሊ የሚጫወት ሰው የተቀመጠው የተሻለ ወንበር ላይ ነው። የኦኦ መኪኖችን ለአውቶሞቢልና ለቫን፣ የማሸጊያ ሕጉ ወደ 1/70 ያወረዳቸውን የመጫወቻ ፒካፖችና ጂፖች ለቀረው ይውሰድ። የፒካፑ ከፍታ ከኦኦ ቫን ጋር ጎን ለጎን ቆሞ ይታይ፤ አንዳንዱ የመጫወቻ ፒካፕ ጎማው ስለሚተልቅ ከቫኑ ይበልጣል፤ እንዲህ ያለው ይመለስ ወይም ጎማው ይቀየር።

ለ15 ሚሊ 1/87 የባቡር መኪና ያለ ብዙ ማሰላሰል ይገዛ። ብቸኛው ጥንቃቄ ወታደራዊ ተሽከርካሪዎቹ 1/100 ከሆኑ ነው፦ የ1/87 የጭነት መኪና ከ1/100 ታንክ አጠገብ ሲቆም ታንኩን ስለሚያሳንሰው፣ ከዚህ ስኬል አውቶሞቢልና ሚኒባስ ብቻ ተወስዶ የጭነት መኪናና አውቶቡስ በ1/100 ይታተሙ።